ባለሸራዎቹ መርከቦች ሲነሡ

የታላላቆቹን ባለሸራ መርከቦች ውድድር ሊያይ የሚሄድ ሰው የመነሻው መድፍ ከመተኮሱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢደርስ ይሻለዋል። ዓይኑንም ከመነሻው መስመር ይልቅ ወደ ምሰሶዎቹ ጫፍ ይስቀል፤ ሊታይ የሚገባው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ለምሳሌ የኖርዌይዋን «ክርስቲያን ራዲች»ን እንይ። በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራች ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ናት። ሸራዎቿ በየምሰሶው ላይ በተጋደሙ ረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ተጠቅልለው ታስረዋል። ትእዛዙ ሲሰጥ ወጣቶቹ በገመድ መሰላል ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከአግዳሚው ሥር በተዘረጋው ገመድ ላይ ቆመው፣ ሆዳቸውን አግዳሚው ላይ አስደግፈው ማሰሪያውን ይፈታሉ። ሸራው ቁልቁል ይለቀቃል። ከታች ያሉት ተሰልፈው ገመዱን እየጎተቱ ይወጥሩታል። ነፋስ ሲሞላበት ያ ሁሉ ብረት ጋደል ብሎ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከዚህ የበለጠ የሚያምር የሰው ጉልበትና የነፋስ ኅብረት አላውቅም።

እዚያ ከፍታ ላይ የሚታዩት ሁሉ የዕድሜ ልክ መርከበኞች አይደሉም። በውድድሩ ደንብ መሠረት ከየመርከቡ ሠራተኞች ቢያንስ ግማሹ ከ15 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች መሆን አለባቸው፤ ከመካከላቸው ባሕሩን ገና የሚለማመዱ ብዙ ናቸው።

ውድድሩ ሲጠነሰስ ሞተር ሸራን ከንግዱ ባሕር አባርሮት ነበር። በርናርድ ሞርጋን የተባለ የለንደን ሕግ አዋቂ የየአገሩን ማሠልጠኛ መርከቦች አንድ ላይ የማወዳደር ሐሳብ አመጣ። ሐምሌ 1956 ላይ 20 መርከቦች ከእንግሊዟ ቶርቤይ ወደ ሊዝበን ተነሡ። ለባለሸራ መርከቦች ዘመን የክብር ስንብት ይሆናል የተባለው ጉዞ የሕዝብ ፍቅር ስላገኘ ቀጠለ። የመጀመሪያዋ አሸናፊ «ሞያና» ግን ወደ አገሯ ስትመለስ በማዕበል ተመትታ ሰጠመች። ደግነቱ ሰዎቿ በሙሉ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ መርከቦችም ተሠርተዋል፤ ፖላንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግዳንስክ ላይ የሠራችው «ዳር ምሎድዚየዢ» ከ100 ሜትር በላይ ርዝመት አላት።

የመነሻው መስመር በውኃ ላይ የተሠመረ አይደለም፤ በሁለት ምልክቶች መካከል በሐሳብ የሚታይ ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ በሸራ ብቻ ይታለፋል። ከመድፉ በፊት ያለፈ ይቀጣል። አዛዦቹን የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ነው። ትንሽ ጀልባ በቅጽበት ትዞራለች፤ አራት ማዕዘን ሸራ ያላት ግዙፍ መርከብ ግን ለመዞር ሰፊ ቦታና ጊዜ ያስፈልጋታል፣ ነፋስ ከፊቷ ሲመጣም ወደ ነፋሱ እምብዛም መጠጋት አትችልም። ስለዚህ ነፋሱንና የባሕሩን ሞገድ አስልቶ፣ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ቆይቶ በሰዓቱ መድረስ ግድ ነው። ነፋስ ከጠፋ ደግሞ ተመልካቹም መርከበኛውም መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ የደረሰ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ የእያንዳንዱ መርከብ ሰዓት እንደ መጠኑና እንደ አሠራሩ ይታረማል። ትልቁ ክብር የሚሰጠውም ለፍጥነት አይደለም። በአገሮች መካከል ወዳጅነትን ከሁሉ በላይ ላጠናከረ መርከብ የሚሰጥ ዋንጫ አለ፤ አሸናፊውን በድምፅ የሚመርጡት ራሳቸው አዛዦቹ ናቸው። በሁለት ውድድሮች መካከልም ያለ ፉክክር የሚጓዙበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ወጣቶቹ መርከብ ይለዋወጣሉ፤ ትናንት ተፎካካሪ በነበረው መርከብ ላይ ወጥተው የእሱን ገመድ ይጎትታሉ።