የበሉጥ ዛፍና የአጋዘን አደን በሚዎክ ሕዝብ ዘንድ

በካሊፎርኒያ፥ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች የሚኖረው የሚዎክ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዋና ስንቁ በሉጥ ወይም ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ነበረ። ፍሬው ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲረግፍ ሴቶች ለቅመው በጐተራ ያከማቹት፥ በድንጋይ ላይ ወቅጠውም ምሬቱን በውሃ አስለቅቀው ገንፎ ያደርጉት ነበር።

ይኸንኑ ፍሬ አጋዘንም ይሻዋል፤ ለብርድ ወራት የሚሆነውን ስብ የሚያገኘው ከእርሱ ነውና። ስለዚህ ፍሬው የረገፈበት ስፍራ አጋዘኑ የሚመጣበትን ለአዳኙ አስቀድሞ ያመለክተው ነበር። አዳኙም የአጋዘን ራስና ቆዳ ለብሶ፥ እንደሚግጥ አውሬ እያጐነበሰ፥ ፍላጻ እስከሚደርስበት ርቀት ይጠጋ ነበር።

ይህ አደን ግን በዕድል ብቻ የተገኘ አይደለም። ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ቍጥቋጦ በየጊዜው በቀላል እሳት ያቃጥል ነበር። እሳቱ ለለቃሚዎች መሬቱን ያጸዳል፤ ለአጋዘኑ ለምለም ቀንበጥ ያበቅላል፤ የጥድ ወገን የሆኑ ዛፎችም በሉጡን እንዳይጋርዱት ይከለክላል። በ1850 እ. ኤ. አ. በካሊፎርኒያ የወጣው ሕግ ሜዳ የሚያቃጥለውን ሰው የሚቀጣ ሆነ። እሳቱ ከተቋረጠም በኋላ በዮሰሚቲ ሸለቆ የጥድ ወገን ዛፎች በዝተው በሉጡን አጨናነቁት። ለመጤዎች ያልተነካ ዱር መስሎ የታየው ስፍራ፥ በእውነቱ የሰው እጅ ለብዙ ዘመን ያበጀው ማሳና የአደን ቦታ ነበረ።