ቁጥሩ አንድ፣ ቀለሙ ሁለት

እንደሚታወቀው በድረ ገጽ ላይ የሚወጡ አርማዎችና ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው የጀርባ ቀለም አላቸው። አዘጋጁ የሥዕሉን ጀርባ ከገጹ ጀርባ ጋር ለማዋሐድ በሁለቱም ቦታ ያንኑ የቀለም ቁጥር ይጽፋል። በራሱ ኮምፒዩተር ሲያየው ያማረ ነው፤ በሌላ ሰው ስክሪን ላይ ግን በአርማው ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ሳጥን ብቅ ይላል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ቀለሙ ስለምን ሁለት ሆነ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚናገር እንመርምር። እያንዳንዱ የስክሪን ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች ይሰጡታል። ይሁን እንጂ 128 የ255 ግማሽ ያህል ቢሆንም የሚወጣው ብርሃን ግማሽ አይደለም። ብርሃኑ የሚገኘው ቁጥሩ ለ255 ተካፍሎ ውጤቱ «ጋማ» በሚባል አርቢ ከፍ ሲል ነው። ጋማው 2.2 በሆነ ስክሪን 128 ከሙሉው ብርሃን 22 በመቶ ያህል ይሰጣል፤ 1.8 በሆነ ስክሪን ግን 29 በመቶ ያህል። የማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ በ1.8 የተቃኙ ነበሩ።

ስለዚህ የቀለም ቁጥር እንደ ጨርቅ ነጋዴ ክንድ ነው፤ የማን ክንድ እንደሆነ ካልታወቀ ርዝመቱ አይታወቅም። ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት፣ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው «ኤስአርጂቢ» ለዚህ ችግር የተበጀ የጋራ መለኪያ ነው።

ነገር ግን ስክሪኑ ብቻ ቢለያይ ሥዕሉም ገጹም አብረው ይለወጡ ነበርና ሳጥኑ ባልታየ ነበር። ሳጥኑ የሚታየው ሁለቱ በተለያየ መንገድ ወደ ስክሪኑ ሲደርሱ ነው። ለምሳሌ የፒኤንጂ ፋይል የራሱን ጋማ ይዞ ሊጓዝ ይችላል፤ ማሰሻው ሥዕሉን በዚያ መሠረት ሲያርመው የገጹን ቀለም ግን እንዳለ ይተወዋል። ጄፔግ ደግሞ ሥዕሉን ሲጨምቅ ቁጥሮቹን ስለሚያጠጋጋ ቀለሙ 1 ወይም 2 አሃድ ፈቀቅ ሊል ይችላል።

1 አሃድ ምን ያመጣል? ያልን እንደሆነ፣ ጋማው 2.2 ሲሆን ቁጥሩ ከ128 ወደ 129 ቢያድግ ብርሃኑ በ1.7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሰው ዓይን በበቂ ብርሃን ጎን ለጎን የተጋጠሙ ሁለት ገጾች 1 ወይም 2 በመቶ ያህል ሲለያዩ ሊለያቸው ይችላል። ለየብቻ ያያቸውን ቀለሞች በትዝታ ማነጻጸር ይሳነዋል፤ የተጋጠሙበትን ጠርዝ ግን በቀላሉ አይስትም።

ጉዳዩ የአርማ ውበት ብቻ አይደለም። ተማሪ የአሲድነት መለኪያ ወረቀትን ፎቶግራፍ በድረ ገጽ ላይ ካለ የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ሲያስተያይ፣ ፎቶግራፉና ሰንጠረዡ በተለያየ መንገድ አልፈው ከሆነ የሚያነበው ቁጥር ሐሰት ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስጠነቅቀው ሳጥን እንኳ የለም። መድኀኒቱም ሰንጠረዡን ከወረቀቱ አጠገብ አኑሮ ሁለቱን በአንድ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው።

ለአርማውም መፍትሔው ከዚሁ የራቀ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው የሥዕሉን ጀርባ ብርሃን አሳላፊ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ከኋላ የሚታየው የገጹ የራሱ ቀለም ስለሆነ የሚነጻጸር ሁለተኛ ቀለም አይኖርም። ይህ ካልተቻለ ሥዕሉን ወደ ኤስአርጂቢ መለወጥ፣ በውስጡ የቀረ የጋማ መረጃ ካለ ማስወገድ፣ ለአርማም ከጄፔግ ይልቅ ፒኤንጂን መምረጥ ይገባል። በመጨረሻም ገጹን ይፋ ከማድረግ በፊት በሌላ ኮምፒዩተርና በሌላ ማሰሻ ከፍቶ ጠርዙን መመልከት ያስፈልጋል።