ወተትን በወተት ማሞቅ፦ በስስ የብረት ሳህኖች መካከል የሚካሄደው የሙቀት ልውውጥ

ከሮም መሐል ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወጡ፣ ከተማዪቱን የሚከባት ታላቁ የቀለበት አውራ ጎዳና በሚያልፍበት አካባቢ ሮማኒና የሚባል ሰፈር ይገኛል። እንደ ሌሎቹ የሮም ሰፈሮች ሁሉ የሮማኒናም ማለዳ በወተት ይጀመራል። ቡና ቤቶች ገና ሲነጋ ለካፑቺኖ ወተት ያሞቃሉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ከመስደዳቸው በፊት ከማቀዝቀዣ ወተት አውጥተው ይቀዱላቸዋል። ወተቱ ያሳምም ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። የአዲስ አበባም ማለዳ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የከተማዪቱ ነዋሪ ማኪያቶ የሚለውን ቃል ከጣልያንኛ እንዳለ ወስዶ የራሱ ካደረገው ቆይቷል፤ ማኪያቶው ግን ያለ ወተት አይሆንም።

ከዚህ መተማመን በስተጀርባ ሸማቹ የማያየው አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የሳህን ሙቀት መለዋወጫ ይባላል። በወተት ፋብሪካ ውስጥ ሲታይ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ ይመስላል፤ መጻሕፍቱ ግን ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ስስ ሳህኖች ናቸው። የመሣሪያው ዋና ብልሃት ወተትን ማሞቁ አይደለም። እሳትና ድስት ያለው ሰው ሁሉ ወተት ማሞቅ ይችላል። ብልሃቱ አንድ ጊዜ ነዳጅ የተቃጠለለትን ሙቀት ሳይጥሉ ለሚቀጥለው ወተት ማውረስ ነው። ከበሽታ የጸዳ ወተት የብዙኃኑ የከተማ ሕዝብ ምግብ ሊሆን የቻለው በዚህ ቁጠባ ጭምር ነው።

ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ጊዜ?

ወተት ለሕፃን እንደሚስማማ ሁሉ ለባክቴሪያም ይስማማል። ከላም ጡት ሲወጣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ይህም ብዙ ተሕዋስያን በፍጥነት የሚራቡበት ሙቀት ነው። ከታመመች ላም የከብት ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ፣ ንጽሕና ከጎደለው እጅና ዕቃ ደግሞ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ የአንጀት በሽታ አምጪዎች በወተት በኩል ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወይንን በመጠኑ በማሞቅ ከመበላሸት ማዳን እንደሚቻል አሳዩ። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት ደግሞ በ1886 ለሕፃናት የሚሰጥ ወተት በሙቀት እንዲታከም ሐሳብ አቀረቡ። ዘዴው በፓስተር ስም ፓስቸራይዜሽን ተባለ።

የመሐንዲሶቹ ጥያቄ ግን ወዲያው መጣ። ወተት ከመጠን በላይ ከሞቀ ጣዕሙና ጠረኑ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ካነሰ ደግሞ ተሕዋስያኑ ይተርፋሉ። መፍትሔው ሙቀትና ጊዜን በአንድነት መመጠን ሆነ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው መለኪያዎች ሁለት ናቸው፦ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ። በሙቀቱ ላይ ዘጠኝ ዲግሪ ሲጨመር የሚያስፈልገው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ወደ ሩብ ደቂቃ መውረዱ፣ ተሕዋስያን በሙቀት የሚሞቱበት ፍጥነት ምን ያህል በችኮላ እንደሚጨምር ያሳያል። ሙቀቱ ከ135 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይበቃል፤ በታሸገ ካርቶን ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚቆየው ወተት የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በግምት የተቀመጡ አይደሉም። ወሰኑን የሚያስቀምጠው በወተት ከሚተላለፉት በሽታ አምጪዎች መካከል ሙቀትን አብዝቶ የሚቋቋመው ነው። ቀድሞ መለኪያው የነቀርሳ ባክቴሪያ ነበር። ኪው ፊቨር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ኮክሲየላ በርኔቲ የተባለው ተሕዋስ ከዚያ የበለጠ ጽኑ መሆኑ ሲታወቅ፣ በአሜሪካ ለ30 ደቂቃው ዘዴ የተቀመጠው ዝቅተኛ ሙቀት በ1956 ከ61.7 ወደ 62.8 ዲግሪ ከፍ እንዲል ተደረገ። የአንድ ዲግሪ ልዩነት በጤናማና በታመመ ሰው መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የትልቁ ጋን ድካም

የመጀመሪያዎቹ ማቀነባበሪያዎች ወተቱን በትልቅ ጋን ውስጥ አጠራቅመው፣ በጋኑ ድርብ ግድግዳ መካከል ሙቅ ውኃ ወይም እንፋሎት በማስገባት ያሞቁት ነበር። ዘዴው ዛሬም ለትንሽ ምርት ያገለግላል። ለትልቅ ከተማ ግን ሁለት ችግሮች ነበሩበት። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ጋኑ እስኪሞላ፣ እስኪሞቅ፣ ግማሽ ሰዓት እስኪቆይ፣ ከዚያም እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሌላ ወተት መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው ብክነት ነው፤ ወተቱን ለማሞቅ ነዳጅ ይቃጠላል፣ መልሶ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ያው ሙቀት በቀዝቃዛ ውኃ ተጠርጎ ይጣላል። ፋብሪካው ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም ይከፍላል ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር ኤፒቪ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን ኩባንያ በ1910 የመሠረቱት የብረታ ብረት ሊቅ ሪቻርድ ሴሊግማን በ1923 ለገበያ ያቀረቡት የሳህን ሙቀት መለዋወጫ ሁለቱንም ችግሮች በአንድነት ፈታ። ወተቱ ቆሞ መሞቁ ቀርቶ እየፈሰሰ የሚሞቅ ሆነ።

ሳህኖቹ እንዴት ይሠራሉ?

እያንዳንዱ ሳህን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ሳህኖቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በብርቱ ብሎኖች ይጠበቃሉ። በጠርዛቸው ዙሪያ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት የላስቲክ ማሸጊያ አለ። በሁለት ሳህኖች መካከል የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ በአንዱ ክፍተት ሙቁ ፈሳሽ፣ በሚቀጥለው ቀዝቃዛው፣ ከዚያም እንደገና ሙቁ እየተፈራረቁ ያልፋሉ። ፈሳሾቹ አይቀላቀሉም፤ የሚተላለፈው በስሱ ብረት በኩል ሙቀቱ ብቻ ነው።

የሳህኖቹ ገጽ ለጥ ያለ አይደለም፤ የዓሣ አጥንት በሚመስል ሽንሽን የታተመ ነው። ፈሳሽ ለስላሳ ገጽ ላይ ሲፈስ ከብረቱ ጋር የሚነካካው ስስ ንብርብር እየዘገየ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ይከልላል። ሽንሽኑ ግን ፈሳሹን እያጠፈና እያማሰለ ያንን ንብርብር ይሰብረዋል። ስለዚህ በትንሽ ቦታ ብዙ ሙቀት በፍጥነት ይተላለፋል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የፍሰቱ አቅጣጫ ነው። ከማቀዝቀዣ ጋን በ4 ዲግሪ የሚመጣ ጥሬ ወተትና በ72 ዲግሪ ታክሞ የሚመለስ ወተት በሳህኑ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ቢፈስሱ፣ መጠናቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ሁለቱም መሐል ላይ በ38 ዲግሪ ይገናኙና ልውውጡ ያበቃል። ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ቢፈስሱ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ጥሬው ወተት እየሞቀ በሄደ ቁጥር ከእርሱ የበለጠ ሙቅ ከሆነው ወተት ጋር ይገናኛል። የታከመውም እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር ከእርሱ የበለጠ ቀዝቃዛ የሆነውን ያገኛል። በዚህ መንገድ 90 በመቶ የሚሆነውን ሙቀት መልሶ መጠቀም ይቻላል።

ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ወተት ከ4 ወደ 72 ዲግሪ ለማሞቅ 74 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ከሙቀቱ 90 በመቶው ከተመለሰ ግን ጥሬው ወተት ከታከመው ወተት ሙቀት ተቀብሎ 65 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በሙቅ ውኃ የሚሟላለት ቀሪ ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ኃይልም ወደ ሰባት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል። በሌላው ወገን የታከመው ወተት ምንም የማቀዝቀዣ ኃይል ሳይወጣበት ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል። ማቀዝቀዣው የቀረውን ብቻ ይጨርሳል። ወተት ወተትን አሞቀ፣ ወተት ወተትን አቀዘቀዘ።

ስሕተት እንዳይፈጠር የቆሙ ዘበኞች

ጥሬና የታከመ ወተት በግማሽ ሚሊሜትር ብረት ብቻ ተለያይተው ማለፋቸው ሥጋት ማሳደሩ አይቀርም። ሳህን ቢሰነጠቅስ? መሐንዲሶች ለዚህ ያበጁት መልስ ቀላል ነው። በታከመው ወተት በኩል ያለው ግፊት ምንጊዜም ከጥሬው ወገን እንዲበልጥ ይደረጋል። ስንጥቅ ቢኖር የታከመው ወደ ጥሬው ይፈስሳል እንጂ ጥሬው ወደ ታከመው አይገባም። ፋብሪካው ወተት ይከስራል፤ ጠጪው ግን አይታመምም።

ሁለተኛው ዘበኛ ከማቆያ ቱቦው ጫፍ የቆመው ቫልቭ ነው። ወተቱ 72 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ ለ15 ሴኮንድ በረጅም ቱቦ ውስጥ ይጓዛል። በቱቦው መጨረሻ ያለው ቴርሞሜትር ሙቀቱ መጉደሉን ካየ፣ ቫልቩ ወተቱን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። መብራት ቢጠፋም ቫልቩ በራሱ ስፕሪንግ ተገፍቶ ወደ መመለሻው መስመር ይዞራል። ኃይል ሲቋረጥ መሣሪያው የሚያዘነብለው ወደ ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው ዘበኛ በወተቱ ውስጥ ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ነው። በጥሬ ወተት ውስጥ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም የሚጠፋው የተለመዱትን በሽታ አምጪዎች ከሚገድለው ሙቀት ጥቂት በሚበልጥ ሙቀት ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ኢንዛይሙ ከተገኘ ወተቱ በሚገባ አልታከመም ወይም ጥሬ ወተት ተቀላቅሎበታል ማለት ነው።

የማያቋርጥ ጠላትም አለ። በድስት ሥር ወተት እንደሚያርር ሁሉ በሳህኖቹም ላይ ፕሮቲንና የካልሲየም ጨው ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት እንዳይተላለፍ ከመጋረዱም በላይ የባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው ሳይፈታ በውስጡ ኮስቲክ ሶዳ፣ ቀጥሎም አሲድ፣ በመጨረሻም ውኃ እየዞረ ይታጠባል። ኮስቲክ ሶዳው ፕሮቲኑንና ስቡን ያነሣል፤ አሲዱ ማዕድኑን ያሟሟል። እጥበቱ የታጎለበት መለዋወጫ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አይታመንም።

ከሾላ እስከ ሮም

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ወተት ልማት ታሪክ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞችን ለአገሪቱ ሰጠ። በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ ድጋፍ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሾላ ላይ የሙከራ ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። በ1971 የወተት ልማት ኤጀንሲ፣ በ1979 የወተት ልማት ድርጅት ተከተሉ። ሾላ የሚለው የሰፈር ስም ለብዙ የአዲስ አበባ ልጆች የወተት ስም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማቀነባበሪያዎች ሁሉ ሊያሟሉት የሚገባው ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚጠናቀረው በሮም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝበት ሕንፃ በመጀመሪያ የታቀደው የጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። የአክሱም ሐውልትም በ2005 ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት በከተማዪቱ ቆሞ የነበረው በዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ለቅኝ ግዛት ታስቦ በተጀመረው በዚህ ቤት፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በጋራ የተቋቋመው የኮዴክስ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ኮሚሽኑ በ2004 ባጸደቀው የወተት ንጽሕና ደንብ ውስጥ 72 ዲግሪና 15 ሴኮንድ፣ 63 ዲግሪና 30 ደቂቃ የሚሉት ቁጥሮች ሰፍረዋል። ደንቡ ለሮማኒናም ለሾላም አንድ ነው።

በሳህኖቹ መካከል ያላለፈ ወተት

ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ከሚመረተው ወተት አብዛኛው በእነዚህ ሳህኖች መካከል አያልፍም። በአርሶ አደሩና በአርብቶ አደሩ ቤት ይጠጣል፣ ወደ እርጎ፣ ቅቤና አይብ ይለወጣል፣ ወይም ከጎረቤት ለጎረቤት ይሸጣል። የሳህን መለዋወጫ ያለ ቀዝቃዛ ማጓጓዣ፣ ያለ አስተማማኝ መብራትና ያለ ንጹሕ ውኃ ብቻውን ምንም አይፈይድም። በቀን ጥቂት መቶ ሊትር ለሚሰበስብ ማኅበር የ30 ደቂቃው ጋን ዛሬም የሚያዋጣ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡም ሁለቱን ዘዴዎች እኩል ይቀበላል።

በቤት ውስጥስ? በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ወተቱ አይበስልም ይሆን የሚል ሥጋት ግን ቦታ የለውም፤ 92 ዲግሪ ከ72 በእጅጉ ይበልጣል። እያማሰለች ወተቱን እስኪገነፍል የምታፈላ እናት ፋብሪካው ከሚያደርገው በላይ ታሞቀዋለች። ከፋብሪካው የምታንሰው በሌላ ነገር ነው፤ ሙቀቱ ከድስቱ ወጥቶ በአየር ይበተናል፣ ከሰሉ ወይም ማገዶው ለዛሬው ወተት ብቻ ያልቃል። ነገ ሌላ ማገዶ ያስፈልጋታል።

የምሕንድስናው ትርፍም የሚመዘነው በዚሁ ነው። ተሕዋስያንን የሚገድለው በድስቱም በሳህኑም ያው ሙቀት ነው። ሳህኖቹ የጨመሩት ያንን ሙቀት ለአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን ለመላ ከተማ፣ በአሥር እጅ ባነሰ ነዳጅ የማዳረስ አቅም ነው። በሮማኒና ወተት ሲቀዳ ማንም ስለ በሽታ የማያስበው ለዚህ ነው። ሳህኖቹ ያልደረሱበት ቤት ግን ወተቱን ሳያፈላ ባይጠጣ ይሻለዋል።