የሚያድግ መንጋጋ እንዴት ይለካል?

የልጅን ቁመት ለመከታተል ግድግዳ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። የላይኛው መንጋጋ ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ዙሪያውን ያለው አጥንትም አብሮት ያድጋል።

ችግሩን ያቃለለው እ.ኤ.አ. በ1931 ሆሊ ብሮድቤንት በአሜሪካ ክሊቭላንድ፣ ኸርበርት ሆፍራት ደግሞ በጀርመን በየፊናቸው ያስተዋወቁት የጭንቅላት የጎን ራጅ ነው። አነሳሱ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ልጁ ጥርሱን ገጥሞ ቀጥ ይላል፤ ራሱ እንዳይዞር ሁለት ዘንጎች ጆሮዎቹ ውስጥ ይገባሉ። ብሮድቤንት ከጨረሩ ምንጭ እስከ ጭንቅላቱ መሀል ያለውን ርቀት 5 ጫማ፣ ማለትም 1.52 ሜትር ላይ ወሰነው። ርቀቱ ካልተለወጠ ምስሉ የሚገዝፍበት መጠንም ስለማይለወጥ የዘንድሮውን ራጅ ከአምናው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ከዚያ ሐኪሙ ነጥቦች ያስቀምጣል፦ ፒቱታሪ ዕጢ የምታርፍበት ጎድጓዳ አጥንት መሀል፣ የግንባርና የአፍንጫ አጥንት መጋጠሚያ፣ ከላይኛው የፊት ጥርሶች በላይ አጥንቱ የሚሰረጉድበት ቦታ። ሦስቱ የሚሠሩት አንግል በአማካይ 82 ዲግሪ ነው ይባላል። ቁጥሩ የተገኘው ከነጮች ፊት ስለሆነ የሁሉም ልጅ ሚዛን ሊሆን አይገባም።

ያም ሆኖ አጥንቱ ራሱ ያታልላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮፐንሃገን ውስጥ ያሳየው አርኔ ብዮርክ ነው። በልጆች መንጋጋ ውስጥ ጥቃቅን የታንታለም ችንካሮች ቀብሮ በየጊዜው ራጅ አነሳቸው። ችንካሮቹን አነባብሮ ሲያይ ላንቃው ከአፍንጫ በኩል እየተበላ፣ ከአፍ በኩል እየተደረበ ወደ ታች ይወርዳል። የላንቃን መስመር ብቻ አነባብሮ ያነጻጸረ ሐኪም ይህን ጉዞ ጨርሶ አያየውም ነበር።

የጎን ራጅ ስፋትን አያሳይም። ጠባብ ላንቃ ያለው ልጅ ማስፊያ ይገጠምለታል፤ ወላጅ በትንሽ ቁልፍ ብሎኑን በጥቂቱ እያዞረ የላንቃውን መካከለኛ ስፌት ያላቅቃል። ስፌቱ ከተዋሐደ ግን ማስፊያው ጥርሱን እንጂ አጥንቱን አይገፋም። መዋሐዱን ዕድሜ ብቻ አይናገርም፤ ባለ ሦስት አውታር የጥርስ ሲቲ ምስል ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አመዳደብም ስፌቱን በአምስት ደረጃ ይከፍለዋል። የሲቲው ጨረር ከጎን ራጅ ይበልጣል። ስለዚህ ለ17 ዓመት ወጣት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ስፌቱ ክፍት መሆኑ ለማያጠራጥር የ8 ዓመት ልጅ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትርፍ ጨረር ነው።