የኮድ ጉብኝት

የኮድ ጉብኝት ማለት በአንድ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ውስጥ ተቀምጦ የፕሮጀክቱን ኮድ ደረጃ በደረጃ እያሳየ የሚያብራራ መመሪያ ነው። ከመጽሐፍና ከቪዲዮ የሚለየው ኮዱ በሚጻፍበት ኤዲተር ውስጥ መከፈቱ ነው። አንባቢው «ቀጣይ» የሚለውን ሲጫን ኤዲተሩ ተገቢውን ፋይል ይከፍታል፣ ወደሚፈለገው መስመር ይወስደዋል፣ ከመስመሩም ሥር አጭር ማብራሪያ ያሳየዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ለማስተማሪያ በሚዘጋጁ የናሙና ፕሮጀክቶች ላይ ነው።

አስፈላጊነቱ

የናሙና ፕሮጀክት የተሟላና የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ጀማሪው አውርዶ እንዲያስነሳው፣ እንዲነካካውና በኋላ የራሱን እንዲሠራ ታስቦ ይዘጋጃል። ችግሩ ትንሽ የሚባለው ፕሮጀክት እንኳ ብዙ ፋይሎች መያዙ ነው። ፋይሎቹ የሚደረደሩት በፊደል ተራ እንጂ በሚነበቡበት ቅደም ተከተል አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከየት እንደሚጀምር፣ የትኛው ፋይል ሊታለፍ እንደሚችል ከዝርዝሩ አይታወቅም። ሪድሚ የሚባለው የመግቢያ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጫን ነው። በኮዱ መካከል የሚጻፉ ማስታወሻዎችም የቆሙበትን መስመር ያብራራሉ እንጂ አንባቢውን ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው አያሻግሩትም።

ያለ መመሪያ መማር የት ድረስ እንደሚያስኬድ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በኦሮሚያ የተደረገ አንድ ሙከራ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በስምጥ ሸለቆዋ ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተናገሩት ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አግኝተው በቀናት ውስጥ በርካታ መተግበሪያዎችን መጠቀም ጀመሩ፤ ከወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። ውጤቱን የተናገረው ሙከራውን ያካሄደው ወገን ራሱ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ታሪኩ አንድ ልዩነት ያሳያል። የታብሌት መተግበሪያ ሲነካ ወዲያው መልስ እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው። የሌላ ሰው ኮድ ግን ቢነካካም ዝም ይላል፤ ወይም ደግሞ የስህተት መልእክት ብቻ ያወጣል።

ታሪክ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው 7ኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ «ለርን» የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ብራያን ከርኒገንና ማይክል ሌስክ በቤል ላብስ ያዘጋጁት ሲሆን፣ ለተማሪው ሥራ ሰጥቶ በእውነተኛው ሲስተም ላይ ካሠራው በኋላ መልሱን ያርም ነበር። ቪም የተባለው ኤዲተር አብሮት የሚመጣው ትምህርት ደግሞ ራሱ በኤዲተሩ የሚከፈት ፋይል ነው። ተማሪው የሚያነበውን ጽሑፍ እዚያው እያረመ ይማራል፤ የሚያርመው ቅጂውን ስለሆነ ዋናው አይበላሽም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክሊፕስ 3.0 ተመሳሳይ የሥራ ቅደም ተከተሎችን «ቺት ሺት» ብሎ አስገባ፤ በተማሪ አማርኛ አጤሬራ ማለት ነው፣ እዚህ ግን የተፈቀደ አጤሬራ።

እነዚህ ሁሉ በዋናነት የሚያስተምሩት ስለ ሲስተሙ ወይም ስለ ኤዲተሩ ነበር። አንድን የተወሰነ ፕሮጀክት የሚያስጎበኝ መሣሪያ ሆኖ በስፋት የታወቀው የማይክሮሶፍቱ ጆናታን ካርተር እ.ኤ.አ. በ2020 ለቪኤስ ኮድ ያዘጋጀው «ኮድቱር» ነው።

አሠራር

በኮድቱር ጉብኝቱ ራሱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በጄሰን ቅርጽ ተጽፎ ከፕሮጀክቱ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጣል፤ ፕሮጀክቱ በጊትም ሆነ በፍላሽ ሲተላለፍ አብሮ ይሄዳል። እያንዳንዱ ደረጃ በመሠረቱ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥርና ማብራሪያውን። ማብራሪያው ውስጥ ሲጫኑት በተርሚናል ላይ የሚሠራ ትእዛዝ ማስገባትም ይቻላል። ይህ ምቹ ቢሆንም ከማይታወቅ ሰው የመጣ ጉብኝት ላይ ትእዛዙን ሳያነቡ መጫን አይገባም።

ለምሳሌ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ከጥልቁ ጀምሮ የሚደረድር የናሙና ፕሮጀክት ይታሰብ። በመረጃ ፋይሉ ውስጥ ዝዋይ 9፣ ሻላ 266፣ ላንጋኖ 48 ተብሎ በግምታዊ ሜትር ተመዝግቧል። ጀማሪ ተማሪ ቁጥሮቹን አይቶ ያልፋል። ጉብኝቱ ግን እዚያ ላይ ያስቆመውና «ሜትር» የሚለው ቃል ለምን አብሮ እንዳልተጻፈ ያስረዳዋል፦ «48 ሜትር» ተብሎ ቢጻፍ ኮምፒውተሩ እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል፤ ጽሑፍን ደግሞ የሚያወዳድረው ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ነው። 9 ከ4፣ 4 ከ2 ስለሚበልጡ ዝዋይ ከሁሉ ጥልቅ ሆኖ ይወጣል፣ ላንጋኖ ይከተለዋል፣ ሻላ መጨረሻ ይሆናል። ቀጣዩ ደረጃ ተማሪው ቁጥሮቹን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ፕሮግራሙን እንዲያስነሳ ይጠይቀዋል። የተገለባበጠውን ዝርዝር በገዛ ስክሪኑ ያየ ተማሪ የቁጥርንና የጽሑፍን ልዩነት በቀላሉ አይረሳም። ጥሩ ጉብኝት የሚባለው እንዲህ ኮዱ በራሱ የማይናገረውን የሚናገር ነው። «ይህ መስመር ሐይቆቹን ይደረድራል» ብሎ የተጻፈውን መድገም የአንባቢውን ጊዜ ከመውሰድ ያለፈ ጥቅም የለውም።

የመመሪያ ማርጀት

ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ከላይ ባለው ፕሮጀክት ዝዋይ በ10ኛው፣ ሻላ በ11ኛው፣ ላንጋኖ በ12ኛው መስመር ላይ ናቸው እንበል። አንድ ሰው አብያታን ከዝዋይ ቀጥሎ ቢያስገባ የተቀሩት አንድ አንድ መስመር ይወርዳሉ፤ ጉብኝቱ ግን አሁንም 12ኛውን መስመር ይከፍታል። «ይህ የላንጋኖ ጥልቀት ነው» እያለ የሻላን 266 ያሳያል። ፕሮግራሙ ያለ ችግር ይሠራል፣ ኤዲተሩም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ልምድ ያለው ሰው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ጀማሪው ግን መመሪያውን የሚያርምበት ዕውቀት ስለሌለው ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ያረጀ ጉብኝት ከመጀመሪያውም ካለመኖሩ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው ጉብኝቱን በጊት ከተመዘገበ አንድ የኮዱ እትም ጋር ማሰር ነው፤ ኮዱ ወደፊት ቢቀየርም ጎብኚው የሚያየው ያኔ የነበረውን ነው። ለትምህርት ይህ ይበቃል፣ ዛሬ ባለው ኮድ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ግን አይበቃም። ሁለተኛው በመስመር ቁጥር ፈንታ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ መጠቀም ነው፦ «12ኛው መስመር» ሳይሆን «ላንጋኖ የሚል ያለበት መስመር»። መስመሩ የትም ቢሄድ ይገኛል፣ ስሙ እስካልተቀየረ ድረስ። ለናሙና ፕሮጀክት የሚሻለው አብዛኛውን ጊዜ ይህኛው ነው። ሆኖም ማብራሪያው ራሱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው እንጂ መሣሪያ አይደለም፤ ኮዱን የቀየረው ሰው ጉብኝቱንም በዚያው ለውጥ ማስተካከል ይኖርበታል።

ቋንቋና ኢንተርኔት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ትምህርቱን የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ተማሪ ቪዲዮ ለማየት ይቸገራል። የኮድ ጉብኝት ግን ኤዲተሩ፣ ማስፋፊያውና ፕሮጀክቱ አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ከገቡ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የጉብኝቱ ፋይል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነም በጣም ትንሽ ነው።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎቹ ቃላት እንግሊዝኛ ሆነው ቢቀሩም ማብራሪያው በማንኛውም ዩኒኮድ በሚደግፈው ፊደል ሊጻፍ ይችላል። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ አንዱን ጉብኝት በአማርኛ፣ ሌላውን በአፋን ኦሮሞ ማስቀመጥ የሚጠይቀው ሁለት ፋይሎችን ብቻ ነው፤ ኮዱ አይነካም። ማብራሪያው ውስጥ የሚገቡ የቪዲዮ ማገናኛዎች ግን ያለ ኔትወርክ አይከፈቱም፤ ስለዚህ ዋናው ነገር በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።