ስለ ሞተር ብስክሌት ጉዞና ስለ ጉምሩክ ዋስትና

በሞተር ብስክሌት ብዙ አህጉሮችን ስለሚያቋርጡ መንገደኞች ሲነገር ዘወትር የሚወሳው የነጂው ድፍረትና የሞተሩ ጥንካሬ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምንወደው ብዙ የማይነገርለትን የጉምሩክ ዋስትና ነው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ከለንደን ተነሥቶ ትራያምፍ በተባለ ሞተር ብስክሌት በአራት ዓመት ዓለምን ዞረ፤ ኢትዮጵያንም አቋርጧል። እንዲህ ያለውን መንገደኛ በየድንበሩ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሞተሩ ቀረጥ ሳይከፈልበት በአገር ውስጥ ቢሸጥስ?

ግብፅንና ህንድን የመሰሉ አገሮች ለዚህ ካርኔ ደ ፓሳዥ የሚባል ደብተር ይጠይቃሉ። ደብተሩን የሚሰጠው የባለመኪናዎች ማኅበር ሲሆን አስቀድሞ ከመንገደኛው መያዣ ይቀበላል። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው። አንዱን የመግቢያው ጉምሩክ፣ ሁለተኛውን የመውጫው ጉምሩክ ቈርጦ ያስቀራል፤ ሦስተኛው የሁለቱም ማኅተም ታትሞበት ከደብተሩ ጋራ ይቈያል። የመውጫው ማኅተም ከጐደለ አገሩ ቀረጡን ከማኅበሩ ይጠይቃል፤ ማኅበሩም ከመንገደኛው መያዣ ይተካል።

ስለዚህ ሞተሩ በበረሃ ተሰብሮ ቢቀር እንኳ ባለቤቱ እንዲሁ ጥሎት ለመሄድ አይችልም፤ ወይ ጭኖ ማውጣት፣ ወይም ከጉምሩክ ጋራ መጨረስ አለበት። ደብተሩም የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ስለሆነ፣ ጉዞው ከዚያ የረዘመ እንደ ሆነ ማስረዘም ወይም በሌላ መለወጥ ግድ ይሆናል።

እንግዲህ የእነዚህን ጉዞዎች ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ከመንገዱ ካርታ ጋራ እነዚህን ማኅተሞች ቢመረምር፣ መንገደኛው የት እንደ ገባና መቼ እንደ ወጣ የታመነ ማስረጃ ያገኛል ብለን እናምናለን።