ባዶ የሚመስለው ዕቃ

ላስታ ተራራማ አገር ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከርሷም በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የቀድሞ ሰዎች በዚህ አቀበትና ቁልቁለት በእግራቸው፥ በበቅሎና በአህያ ይመላለሱ ነበር። ዛሬም በቅሎና አህያ አልቀሩም፤ ነገር ግን ሞተር ብስክሌት ተጨምሮባቸዋል።

በቅሎ ገብስና ሣር በልታ፥ ውኃ ጠጥታ ትሄዳለች። የሞተር ብስክሌት ምግቡ ቤንዚን ነው። ቤንዚኑም የሚቀመጠው ከመሪው በስተኋላ፥ በነጂው ጉልበቶች መካከል ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ነው። ባለ ጋራዦች ይህን ዕቃ ሰልባትዮ ይሉታል፤ ቃሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው። ሰልባትዮ የሚሠራው 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ካለው ስስ ላሜራ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይጨራመታል፤ አንዳንድ ጊዜም ተሰንጥቆ ያፈስሳል።

ሞተር ብስክሌት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከእሳት ጋር ጎረቤት ነው። በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጎትሊብ ዳይምለር የሚባል የጀርመን ሰው የመጀመሪያውን የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ሠራ። በተሞከረም ጊዜ ከመቀመጫው በታች በነበረው እሳት መቀመጫው ተቀጣጠለ ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ ይህን ዕቃ የሚጠግን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቤንዚንን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል።

ነገሩ በምሳሌ ሲገለጥ እንዲህ ነው። አንድ ጎልማሳ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ሲመጣ በቁልቁለት ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። እርሱ ዳነ፤ ሰልባትዮው ግን ጎኑ ተጨራመተ፥ ሥሩም ተሰንጥቆ ቤንዚን ያንጠባጥብ ጀመር። ቀኑ ዓርብ ነበር። በማግሥቱ ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው፤ ጎልማሳውም የገበያ ሰው በማመላለስ የሚያገኘው ገንዘብ የሳምንት ምግቡ ነበር። ስለዚህ ቤንዚኑን በጀሪካን ገለበጠ፤ ሰልባትዮውንም ፈትቶ ለጥቂት ጊዜ በፀሐይ ላይ አኖረው። ከዚያም ወደ አንድ ሽማግሌ በያጅ ሮጠ።

«አባቴ፥ ይህችን ስንጥቅ ቶሎ ይበይዱልኝ፤ ነገ ገበያ ነው» አላቸው።

ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ውስጡ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት።

«ምንም የለም። ገልብጬዋለሁ፤ ባዶ ነው» አለ።

«እስቲ አሽትተው» አሉት።

ጎልማሳው አፍንጫውን አስጠጋና፥ «ጥቂት ይሸታል» አለ።

«እንግዲያስ ባዶ አይደለም። እኔም እሳት አላስጠጋበትም» አሉት።

ጎልማሳው ተቆጣ። «መበየጃ ተውሼ በቤቴ ራሴ እበይደዋለሁ» ብሎ ሊሄድ ተነሣ። ሽማግሌው ግን እጁን ያዙና፥ «ልጄ፥ አንድ ገበያ ቢያመልጥህ ሌላ ቅዳሜ ይመጣል። ዓይንህ ቢጠፋ ግን ከየትኛው ገበያ ትገዛዋለህ?» አሉት። ጎልማሳውም ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ሽማግሌው የተናገሩት እውነት ነው። የቤንዚን እሳት የሚነሣው ከፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ ከሚወጣው ተን ነው። ይህ ተን በዓይን አይታይም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል፤ ስለዚህ የደጋ ውርጭ አያስቆመውም። ተኑም እንዲቀጣጠል ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። ከመቶ እጅ ከ1 ተኩል እስከ 7 ተኩል ያህሉ ተን ሆኖ የቀረው አየር ከሆነ፥ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች።

ቤንዚን በሞላበት ሰልባትዮ ውስጥ የአየር ስፍራ ጠባብ ነው፤ ተኑም ስለሚበዛ ድብልቁ በውስጥ በቀላሉ አይፈነዳም። በተገለበጠው ሰልባትዮ ግን አየር ገብቶ ይሞላበታል፤ በማዕዘኑና በዝገቱ ውስጥ የቀሩት ጠብታዎችም ተን ይሰጡታል። ስለዚህ ባዶ የሚመስለው ዕቃ ከሙሉው ይልቅ ለበያጅ ያስፈራል። ይህ ማለት ግን በሙሉው ላይ እሳት ይጠጋል ማለት አይደለም፤ የፈሰሰ ቤንዚን ቤትን ያቃጥላልና።

ጠላ የነበረበት ጋን ቢገለበጥም ሽታው ወዲያው አይለቅም። ሴቶች ይህን ስለሚያውቁ ደጋግመው ያጥቡታል። የሰልባትዮም ነገር እንዲሁ ነው። ሽታ ካለ አደጋ አለ። ነገር ግን ሽታው ጠፋ ብሎ በአፍንጫ ብቻ መተማመን አይገባም፤ በሚገባ መታጠቡ መታወቅ አለበት።

ደግሞም የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል። እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። በደጅ የተገለበጠ ቤንዚን ተኑ በመሬት ላይ ተስቦ ከታች ካለው ቤት ምድጃ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን የሚገለበጠው ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ፥ ከምድጃ፥ ከኩራዝና ከሲጋራ ርቆ ነው። ጀሪካኑም ወዲያው ይከደናል።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌውና ጎልማሳው ሥራውን በተራ ጀመሩ።

አስቀድመው ክዳኑንና ሩቢኔቱን ፈቱ። ከዚያም ሰልባትዮውን በሙቅ ውኃና በሳሙና ሞልተው፥ ነቅንቀው ገለበጡት፤ ይህንም ደጋግመው አደረጉ። ከውስጡ ቀይ ዝገት ወጣ። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ሰልባትዮ የገባ ጠብታ ውኃ ከሥር ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ዝገቱን ለማስለቀቅም ንጹሕ ጠጠር ከሳሙና ውኃ ጋር ጨምረው ነቀነቁት፤ ኋላም ጠጠሩን አንድ በአንድ አወጡ። እጣቢውን ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ አላፈሰሱትም።

ሁለተኛው ሥራ የተጨራመተውን ማቃናት ነበር። ይህን ሙያ የያዘ ሰው ባቲላሜራ ይባላል። መዶሻና ብረት ሲጋጩ ብልጭታ ሊወጣ ስለሚችል፥ ሰልባትዮው ሳይታጠብ አይመታም። ሽማግሌው ጫፉ የተድቦለቦለ ቆልማማ ብረት በአፉ በኩል አግብተው ከውስጥ ገፉት። ጎልማሳውም አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፎ በእንጨት መዶሻ በቀስታ መታው። ከሰርጓዳው መካከል አልጀመሩም፤ ከዳር ጀምረው ጥቂት በጥቂት ወደ መካከል ሄዱ እንጂ።

በዚህም የላስታ ጠራቢዎች ሥራ ይታሰባል። በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስም ከአንድ ዐለት ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ ወጣ። ከዐለት የተቆረሰ ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምም፤ ስለዚህ ጠራቢ ከመምታቱ በፊት ይለካል። ላሜራ በዚህ ከዐለት ይሻላል፤ የጎበጠው ሊቃና ይችላልና። ነገር ግን አብዝተው ቢመቱት ይሳሳል፥ ይለጠጣልም፤ የተለጠጠ ላሜራ ወደ ቀድሞ መልኩ በቀላሉ አይመለስም።

ሦስተኛው ሥራ ብየዳው ነበር፤ ይህን ሽማግሌው ብቻ ሠሩት። ስንጥቁ በሥሩ ስለ ነበረ ሰልባትዮውን ገለበጡት። ዋናውን አፍ በሚገባ ከደኑና፥ አሁን ወደ ላይ በዞረው በሩቢኔቱ ቀዳዳ ውኃ ጨመሩበት። ውኃው እስከ ስንጥቁ አጠገብ ደረሰ። ውኃ በያዘው ስፍራ ተን ሊቀመጥ አይችልም። የሩቢኔቱን ቀዳዳ ግን ክፍት ተዉት፤ በእሳቱ የሚነሣው እንፋሎት መውጫ እንዲያገኝ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ እሳት አነሡ።

በመጨረሻም ሰልባትዮውን ውኃ ሞልተው፥ ውጭውን አድርቀው፥ በደረቅ አመድ ላይ አሳደሩት። አንድ ጠብታ ቢወርድ በአመዱ ላይ ምልክቱ ይታያል። ሲነጋ አመዱ እንደ ደረቀ ነበር። ከዚህም በኋላ አፉን ወደ ታች ደፍተው በፀሐይ አደረቁት፤ ስቱኮ ቀቡት፥ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፥ ቀለምም ቀቡት። ጎልማሳው ያን ቅዳሜ ገበያ አመለጠው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን በሁለት ጤነኛ ዓይኖቹ መንገዱን እያየ ወደ ገበያ ነዳ።

በቀድሞ ዘመን ብረት ቀጥቃጭ የሆነ ሰው በአገራችን ይናቅና ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ባለ እጅን የሚንቅ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ከሚያውቅ ሰው ለመጠየቅ ያፍራልና። ጎልማሳው ማጠቡንና ማቃናቱን በገዛ እጁ ሠራ፤ የእሳቱን ሥራ ግን ለሚያውቀው ተወ። በዚህም አላፈረም።

ልጆች ሆይ፥ ባዶ የቤንዚን ጀሪካን ወይም ሰልባትዮ ወድቆ ብታገኙ ክብሪት አትጫሩበት፤ ወደ ምድጃም አታቅርቡት። ባልንጀራችሁ «ባዶ ነው» ቢላችሁ፥ ሽማግሌው የጠየቁትን እናንተም ጠይቁ፤ ለታላላቆቻችሁም ንገሩ። «አላየሁትም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው።